የተደበደበች እናትና የጎረቤቶቿ ግዴታ



በዚህ መጽሐፍ ባለፉት ትምህርቶች ሰንበት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የሥጋና የወተት ዕቃ እንዴት እንደሚለይ፣ መዙዛ በየትኛው የበር መቃን ላይ እንደሚሰቀል ተመልክተናል። የዛሬው ትምህርት ከእነዚያ የከበደ ነው። መዙዛው በመቃኑ ላይ ተሰቅሎ፣ የሰንበት መብራት በርቶ፣ ከበሩ በስተጀርባ ግን እናት ስለምትደበደብበት ቤት የሚናገር ነውና። እንዲህ ያለ ነገር በሃይማኖት መመሪያ ውስጥ ሊገባ አይገባም፣ ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ይተው ያሉኝ ወንድሞች አሉ። እኔ ግን ቦታው እዚሁ እንደሆነ አምናለሁ። በዚህ ጉዳይ በራሴ ላይ ያለ ዕዳም አለ፤ ወደ ታች እናገረዋለሁ።

በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ትእዛዛት

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 16 ላይ ሁለት ክልከላዎች ጎን ለጎን ተጽፈው እናገኛለን። አንደኛው በወገን መካከል ወሬ እያመላለሱ ሰውን ማማትን ይከለክላል። ሁለተኛው የባልንጀራችን ደም በሚፈስበት ጊዜ እጅን አጣጥፎ ቆሞ ማየትን ይከለክላል። ወገናችን የመጀመሪያውን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የሰው ገመና ይሸፈናል፤ የባልና የሚስት ነገር ከጎጆ አይወጣም፤ ጎረቤት ቢሰማም እንዳልሰማ ይሆናል። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኔም በዚሁ ያደግሁ ነኝና አላቃልለውም። ነገር ግን ሁለተኛው ክልከላ በሌላ መጽሐፍ ወይም በሌላ ምዕራፍ አልተጻፈም። በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ትንፋሽ ነው የተነገረው። የመጀመሪያውን እኩሌታ ይዞ ለሁለተኛው ጆሮውን የሚደፍን ሰው ቁጥሩን ጠበቀ ሊባል አይችልም።

ሊቃውንት በታልሙድ፣ በሳንሄድሪን ክፍል፣ ይህን ሲያብራሩ ወገኑን ወንዝ ሲወስደው፣ አውሬ ሲጎትተው ወይም ሽፍታ ሲመጣበት ያየ ሰው ሊያድነው ግዴታ እንዳለበት አስተምረዋል። በራሱ ጉልበት ባይችል በገንዘቡ ሰው ቀጥሮም ቢሆን ያድነው ዘንድ ይገባዋል። ራምባም ደግሞ በባልንጀራው ላይ ክፉ ሲመከር ሰምቶ ያልነገረው ሰውም ይህንኑ ክልከላ እንደጣሰ ጽፈዋል። እንግዲህ ያየ ብቻ ሳይሆን የሰማም ተጠያቂ ነው ማለት ነው። በዚህ ሀገር የአፓርታማው ግድግዳ ስስ ነው። የልጅ ሳል እንኳ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። «አልሰማሁም» ማለት እዚህ ያስቸግራል።

«ታዲያ ሐሜት አይሆንብኝም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው። ሐፌጽ ሐይም በመባል የሚታወቁት ራቢ ይስራኤል ሜይር ሃኮሄን ስለ ምላስ ኃጢአት የጻፉትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1873 አሳትመዋል። በዚህ ነገር ከእርሳቸው የጠበቀ አስተማሪ ማግኘት ያዳግታል። እርሳቸው ራሳቸው ግን ተበዳይን ከጉዳት ለማዳን፣ ማዳን ለሚችል ሰው፣ ምንም ሳይጨምሩ እውነቱን መንገር የተፈቀደ መሆኑን አስተምረዋል። ነገሩን ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ ለፖሊስ ወይም ለእናቲቱ እኅት መንገር ማዳን ነው፤ በቡና ላይ ለሰባት ሴቶች ማውራት ሐሜት ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን እያደረግን የመጀመሪያውን መፍራታችን ነው።

ስለሚማታ ባል ሊቃውንት ምን አሉ?

«ሚስቴ ናት፤ ብቀጣት ማን ያገባዋል?» የሚል ባል ሃይማኖቱ የሚደግፈው ይመስለዋል። አይደግፈውም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ዳኞች በፍርድ ጥፋተኛ የሆነውን ሰው እንኳ ከተወሰነለት ግርፋት አንዲት እንዳይጨምሩበት ታዘዋል። ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው፣ በወንጀለኛው ላይ አንዲት ግርፋት መጨመር ከተከለከለ ያልበደለን ሰው መምታት እንዴት ይፈቀዳል ብለው ሕጉን ለሰው ሁሉ አድርገውታል። ሙሴ ነቢያችን በግብፅ ሁለት ዕብራውያን ሲጣሉ ባየ ጊዜ በዳዩን ክፉ ብሎ ጠራው። ሊቃውንት እንዳስተዋሉት በዚያች ሰዓት ሰውየው እጁን አንሥቶ ነበር እንጂ ገና አልመታም ነበር። የተነሣ እጅ ብቻውን ክፉ ያሰኛል።

በታልሙድ ባል ሚስቱን እንደ ራሱ አካል ይወድ ዘንድ፣ ከራሱም አብልጦ ያከብራት ዘንድ ታዟል። እንባዋ ቅርብ ስለሆነ በቃልም እንዳያሳዝናት ይጠንቀቅ ተብሏል። ራምባም በጋብቻ ሕግጋት ውስጥ ባል በሚስቱ ላይ ፍርሃት እንዳይጥል፣ ንግግሩም የለዘበ እንዲሆን አዘዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን በጀርመን ሀገር የነበሩት የሮተንቡርጉ ማሃራም ደግሞ ሚስቱን የሚመታ ሰው ሌላ ሰውን ከሚመታ ይልቅ በደሉ የከፋ ነው ብለው ፈርደዋል። ምክንያቱም ሌላውን ሰው ላለመጉዳት ብቻ ሲታዘዝ ሚስቱን ግን ሊያከብራት ጭምር በጋብቻ ግዴታ ገብቷል። በ16ኛው መቶ ዘመን የክራኮው ራቢ ሞሼ ኢሰርለስ በሹልሐን አሩኽ ላይ ባሰፈሩት ማብራሪያ፣ ሚስትን መምታት ኃጢአት መሆኑን፣ የአይሁድም ልማድ አለመሆኑን፣ ቤት ዲን እንዲህ ያለውን ሰው ሊቀጣውና ከማኅበር ሊለየው እንደሚችል፣ ካልተመለሰም ጌት (የፍች ጽሑፍ) እንዲሰጥ ሊያስገድደው የሚችልበት መንገድ እንዳለ ጽፈዋል። በዘመናት ውስጥ ለባል ሰበብ የፈለጉለት ጽሑፎች አልታጡም፤ ይህን አልደብቅም። የዘመናችን ራቢዎች ግን በእነርሱ አይመሩም።

ከሀገራችን ይዘነው የመጣነው ተረትም አለ፤ ሴትን ከጭነት ከብት ጋር አስተካክሎ ዱላ የሚያዝላት። ተረቱ የመንደር ነው፤ በኦሪት ውስጥ የለም። ተረቱን ሳቅ ባለበት የሚደግም ሰው ልጆች አጠገቡ እንዳሉ ያስብ።

ጥቃት ሲባል ዱላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የባንክ ካርዷንና የመታወቂያ ደብተሯን መንጠቅ፣ ከኡልፓን ማስቀረት፣ በር መቆለፍ፣ «አርድሻለሁ» እያሉ ማስፈራራት፣ በልጆቿ ፊት ማዋረድ፣ በመኝታ ማስገደድ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል። ሚስትን በመኝታ ማስገደድን ሊቃውንት በታልሙድ፣ በኤሩቪን ክፍል፣ በግልጽ ከልክለዋል።

የአባት ቤት

በኢትዮጵያ በመንደራችን ሳለን ድብደባ አልነበረም ብዬ አልዋሻችሁም። ነበረ። ነገር ግን የተመታች ሴት የምትሄድበት ነበራት። ልጇን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች። የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል፤ ወንድሞቿም አሉ። ባል ሊመልሳት ከፈለገ ሽማግሌ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ መምጣት ነበረበት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱንም ይሰማሉ፤ ዳግመኛ እንዳይመታት ዋስ ይጠሩበታል። ዋሱም ዘመድ ነው፤ በበዓል፣ በሲግድ፣ በለቅሶ ቤት የሚገናኙት ሰው ነው። ባል ቃሉን ቢያጥፍ የሚደበቅበት የለውም። ሴቶቹም እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቦታ ነበራቸው። በመርገም ጎጆና በአራስ ጎጆ ከወንዶች ተለይተው በሚቀመጡባቸው ቀናት የአንዷ ቁስል ለሌላዋ ይታይ ነበር። ስለዚያ ጎጆ ዛሬ የተለያየ አስተያየት አለ፤ ሴት ለሴት የምትናገርበት ጥላ እንደነበረ ግን እናቶቻችን ይመሰክራሉ።

እዚህ ምን ሆነ? ብዙ ቤተሰብ ተከፋፍሎ ነው የመጣው። አባቷና ወንድሞቿ እስካሁን በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ተራቸውን የሚጠብቁ እናት አለች። የመጡትም ቢሆኑ አንዱ በአፉላ፣ አንዱ በኪርያት ጋት፣ ሌላው በነታንያ ነው። ባልም ከሥራውና ከክብሩ ተነቅሎ መጥቷል። ዕብራይስጡ ለልጆቹ ፈጥኖ ሲገባ ለእርሱ አልገባ ይለዋል። ሚስቱ በጽዳትም ቢሆን ቀድማ ሥራ ታገኛለች። የልጆች አበል ከቢቱዋሕ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን) በእናት ስም ይገባል። ይህ ሁሉ ያማል፤ ሕመሙን የማያይ ሰው ይህን ነገር አይረዳውም። የሕመሙ ማውጫ ግን የእናት አካል ሊሆን አይችልም። ከወገናችን መካከል በባሎቻቸው እጅ የተገደሉ እናቶች ቁጥር በዓመታት ሲታይ በሕዝቡ መካከል ካለን ድርሻ በላይ መሆኑ የታወቀ ነው። ከእነርሱም ጥቂት ያልሆኑትን ከመሞታቸው በፊት ችግራቸውን የሰማ ሰው ነበረ።

የተከበራችሁ ሽማግሌዎችና ቄሶች፤ እዚህ ላይ ለእናንተ ቃል አለኝ፤ በትሕትና ነው የምናገረው። ዕርቅ ትልቅ ሥራ ነው፤ ስንት ቤት በእናንተ ቆሟል። ነገር ግን የቀድሞውን ዕርቅ ያጸናው ንግግሩ ብቻ አልነበረም፤ የአባት ቤትና ዋሱ ነበሩ። ዛሬ ሴቲቱን «ቻይው፣ ለልጆችሽ ብለሽ» ብለን ስንመልሳት ወደ ምን እንደምንመልሳት እናስብ። የምትሸሽበት ቤት የለም፤ ባልን የሚይዝ ዋስም የለም። ዋስ የሌለው ዕርቅ ለእርሷ መዝጊያ የሌለው በር ነው።

ስለዚህ ጠብን ከጥቃት እንለይ። ስለ ገንዘብ ወይም ስለ አማት የሚነሣ ጠብ ለሽምግልና ይመቻል። አንዱ ሌላውን የሚፈራበት ቤት ግን ሌላ ነው። ባልየው አንገቷን አንቆ ከሆነ፣ ቢላ ወይም ሌላ መሣሪያ አሳይቶ ከሆነ፣ «ትተሽኝ ብትሄጂ እገድልሻለሁ፣ ራሴንም አጠፋለሁ» ብሎ ከሆነ፣ ቅናቱ ከቤት አላስወጣ ብሏት ከሆነ ያ ለሽምግልና የሚቀርብ ነገር አይደለም። ቀድማ ትዳን፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይታያል። በተለይ ልትለየው እንደወሰነች ያወቀባቸው ቀናት ከሁሉ የከፉ ናቸው። ደግሞም ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «በይ ተናገሪ» አትበሏት። ከሸንጎው በኋላ ከእርሱ ጋር የምታድር እርሷ ናት፤ የምትመልሰውም ያን ሌሊት የሚያሳድራትን ነው።

የሰንበት ሌሊት

አሁን ዕዳዬን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መርከዝ ክሊታ ለአዲስ መጪ እናቶች የሰንበትን ሕግ አስተምር ነበር። ስለ መብራት፣ ስለ ማብሰያ፣ ስለ ስልክ በደንብ አስተማርኩ፤ ተማሪዎቼም አጥብቀው ያዙ። አባቶቻችን በኢትዮጵያ እሳት ሳያነዱ፣ መንገድ ሳይሄዱ ሰንበትን ያከበሩ ናቸውና ለወገናችን ይህ አዲስ አልነበረም። ከተማሪዎቼ አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። በአንድ ዓርብ ማታ፣ ከቂዱሽ በኋላ፣ ከጎረቤት የሦስት ልጆች እናት ስትጮኽ ሰሙ። ተነሥተው በሩን አንኳኩ። ባልየው ወጥቶ «ሰላም ነው እማማ፣ ይግቡ ይተኙ» አላቸው። ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበረ። መምህርቷ በሰንበት አይነካም ብላለችና አልነኩትም። ሌሊቱን ሲጸልዩ አደሩ፤ በማግሥቱ ሦስት ከዋክብት እስኪታዩ ጠብቀው ደወሉ። እናቲቱ በሕይወት ተርፋለች፤ የአንድ ጆሮዋ መስማት ግን አልተመለሰም።

እኒያ እናት በሳምንቱ ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ ብደውል ኖሮ ሰንበትን እሽር ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

በኢየሩሳሌም ታልሙድ፣ በዮማ ክፍል፣ ነፍስ በሰንበት ለማዳን ተነሥቶ ሳለ «እስቲ ሊቁን ልጠይቅ» ብሎ የሚዘገይ ደም እንዳፈሰሰ ይቆጠራል፤ የሚጠየቀውም ሊቅ ነውር አለበት ተብሎ ተጽፏል። ሊቁ ምን አደረገ? አስቀድሞ በአደባባይ ማስተማር ነበረበት፤ አስተምሮ ቢሆን ኖሮ ማንም ለመጠየቅ አይመጣም ነበር። ያ ነውር የእኔ ነው። ስለ ስልክ ያስተማርኩት እውነት ነበር፤ ያላስተማርኩት ግን ከእርሱ ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው። ነፍስን ማዳን፣ በዕብራይስጥ ፒኩዋሕ ኔፌሽ፣ ሰንበትን ይሽራል። ዮም ኪፑርንም ይሽራል። አደጋው እርግጠኛ ባይሆን፣ ለሕይወቷ የሚያሰጋ መሆኑ ቢያጠራጥር እንኳ ያው ነው። ስልክ ይደወላል። እናቲቱና ልጆቿ በመኪና ይሄዳሉ። የሚያስፈልግ ነገር ይጻፋል፣ ይፈረማል። ራቢ አይጠየቅም፤ ፈቃድ አይጠበቅም። በዚህ ጊዜ የፈጠነ ሰው የተመሰገነ ነው ብለዋል ሊቃውንት።

የሀገሩ ሕግ የሚሰጠው

እስራኤል በቤተሰብ ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን የሚከላከል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 አውጥታለች። በኦፕሬሽን ሰሎሞን ወገኖቻችን የገቡበት ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የተጠቃች ሴት የጥበቃ ትእዛዝ፣ በዕብራይስጥ ፃቭ ሃጋና፣ ልትጠይቅ ትችላለች። የምትጠይቀው ከቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ወይም ከራቢዎች ቤት ዲን ነው። ትእዛዙ ባልየው ቤቱ የእርሱ ቢሆን እንኳ ወደዚያ እንዳይገባ፣ ወደ እርሷም እንዳይቀርብ፣ እንዳያስጨንቃት፣ መሣሪያም እንዳይዝ ሊከለክለው ይችላል። አስቸኳይ ሲሆን እርሱ ሳይጠራ በእርሷ ቃል ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያም በሰባት ቀን ውስጥ ሁለቱም ይሰማሉ። እስከ ሦስት ወር ይጸናል፤ እስከ ስድስት ወር፣ በልዩ ምክንያትም እስከ አንድ ዓመት ሊራዘም ይችላል። እርሷ መሄድ ባትችል ፖሊስ ወይም ለዚሁ የተሾመው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለ እርሷ ሊጠይቅ ይችላል። ባልየው ትእዛዙን ቢጥስ ይታሰራል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላት ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍል (ሲዩዓ ሚሽፓቲ) ትሂድ።

አሁን በዚህ ሰዓት እየተመታች ከሆነ ግን የሚጠራው ፍርድ ቤት አይደለም፤ በ100 ፖሊስ ይጠራል። ምክርና መጠለያ ለሚያስፈልጋት በ118 የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር መስመር ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ አማርኛ የሚናገር ሰው ጠይቁ።

መጠለያው በዕብራይስጥ ሚቅላት ይባላል። እኛ ይህን ቃል የምናውቀው ሮኬት ሲመጣ በምንገባበት ጉድጓድ ነውና ብዙ እናቶች ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ይህኛው ግን ቤት ነው። በሀገሩ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1977 በሐይፋ ተከፈተ። እናት ከልጆቿ ጋር ገብታ ለወራት ትኖራለች። አድራሻው ምስጢር ነው። ልጆች በዚያው አካባቢ ትምህርት ቤትና መዋያ ይገባሉ። በእነዚያ ወራት ከሥራዋ እንዳትባረርም ሕግ ይጠብቃታል። ምግቡና ሰንበቱ ለሚያሳስባቸው ደግሞ በ1990ዎቹ ለሃይማኖተኛ ሴቶች የተመሠረተው ባት ሜሌኽ የሚባለው ድርጅት ካሽሩትና ሰንበት የሚጠበቅባቸው መጠለያዎች አሉት። ስሙ «የንጉሥ ልጅ» ማለት ነው።

«ብከስስ ልጆቼን ይወስዱብኛል» የሚለው ፍርሃት በወገናችን መካከል እጅግ የተስፋፋ ነው፤ አንዳንድ ባሎችም ሆን ብለው ያስፋፉታል። መጠለያው የተሠራው እናትና ልጆች ሳይለያዩ እንዲድኑ ነው። በተቃራኒው ልጆቹ ራሳቸው በቤት ውስጥ ቢጠቁ፣ በአሳዳጊው እጅ በልጅ ላይ የሚደርስ በደል መኖሩን በበቂ ምክንያት የሚገምት ማንኛውም ሰው ለፖሊስ ወይም ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ከ1989 ጀምሮ የሀገሩ ሕግ ያስገድዳል። ጎረቤትንም ይጨምራል። የመታወቂያ ደብተሯ የእርሷ ነው፤ ባል ሊይዝባት አይችልም። በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ጉዳይዋ ገና ያላለቀላት እናት ግን ዝም ብላ አትፍራ፣ ዝም ብላም አትቀመጥ፤ ከላይ የጠቀስሁትን የሕግ እርዳታ ክፍል ቀድማ ትጠይቅ።

ጎረቤት ምን ያድርግ?

ትልቅ ነገር አይጠበቅባችሁም። በመጀመሪያ ስሟት፤ «ምን አድርገሽው ነው?» አትበሏት። «ለምን አትለቂውም?» አትበሏት፤ እርሷ ከእናንተ የበለጠ አስባበታለች። የምትጠራበትን ምልክት ተስማሙ፦ አንዲት ሴት ልጇን «በርበሬ ስጡን» ብላ ስትልክ ጎረቤቷ ወዲያው ፖሊስ ትጠራ ዘንድ ተስማምተው ነበር። የመታወቂያዋንና የልጆችን የክትባት ካርድ ግልባጭ፣ መድኃኒት፣ ጥቂት ገንዘብና የልጅ ልብስ በከረጢት አድርጋ በእናንተ ቤት ታስቀምጥ። ወደ ኩፓት ሖሊም አብራችኋት ሂዱ፤ ቁስሏን ሐኪም አይቶ ይጻፍላት፤ ወረቀቱ በኋላ ይጠቅማል። በቲፓት ሐላቭ ነርሷ ስለ ቤቷ ሰላም ብትጠይቃት ጥያቄው የሥራዋ ክፍል ነው፤ እውነቱን ልትነግራት ትችላለች። ስትናገር ልጇን አስተርጓሚ አታድርጉባት። የስምንት ዓመት ልጅ የእናቱን ድብደባ ወደ ዕብራይስጥ እንዲተረጉም መጠየቅ ሌላ ጉዳት ነው። የባል ዘመድም አያስተርጉም። የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮውን አማርኛ የሚያውቅ ሜጋሼር ጠይቁ፤ ከሌላት ቀን ተቆርጦ ይምጣላት። ወደ መጠለያ ከገባችም «የት ነው ያለችው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ ሽማግሌ ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ አታውቁም።

በሚቅቬ የምታገለግሉ እኅቶች፣ እናንተ ሌላው የማያየውን ታያላችሁ። ዝም አትበሉ፤ ጮክም አትበሉ። ብቻዋን በሆነች ጊዜ አንዲት ጥያቄ ትበቃለች።

ይህን የሚያነብ አባትም ይኖራል፤ እጁ ቀድሞት የሄደ፣ ከዚያም ያፈረ። አንተን የሚቀበል ቦታ አለ። በብዙ ከተሞች በቤተሰብ ውስጥ ጥቃትን ለመከላከልና ለማከም የተቋቋሙ ማዕከሎች ባሎችንም ይቀበላሉ፤ ከቤት ወጥተው እየኖሩ የሚታከሙባቸው ቤቶችም አሉ። ራስህ በ118 ልትደውል ትችላለህ። ንስሐ፣ ቴሹቫ፣ በሃላኻ በቃል ብቻ አያልቅም፤ ተበዳዩን ማስታረቅ፣ ያደረሱትን ጉዳት መካስ፣ ከዚያም በዚያው ፈተና ቆሞ አለመድገም ይፈልጋል። አበባና እንባ ይዞ በሦስተኛው ቀን መመለስ ገና መጀመሪያውም አይደለም።

ስትመለስ

ከመጠለያ ወጥታ በአዲስ ሰፈር ቤት የምትይዝ እናት የመጀመሪያዋ ሰንበት ታስጨንቃታለች። ቂዱሽ የሚያደርግ ወንድ በቤቷ የለም። ራሷ ታድርግ፤ በቂዱሽ ሴትም እንደ ወንድ የታዘዘች ናት። ነገር ግን ብቻዋን አትተዋት፤ ከነልጆቿ ወደ ማዕዳችሁ ጥሯት። «የት ከረምሽ?» የሚለው ጥያቄ ይቅር። ጌት የምትጠይቅ ከሆነ ወደ ቤት ዲን አብራት የምትሄድ ሴት ያስፈልጋታል፤ በዚያ ለሴቶች የሚከራከሩ ቶአኖት ራባኒዮት የሚባሉ ሴት ጠበቆች እንዳሉም ንገሯት። ባልየው በእናንተ ምኩራብ የሚጸልይ ከሆነ ጸሎቱን አትከልክሉት፤ ነገሩ ሳይስተካከል ግን የክብር ቦታ አትስጡት። እርሷ በሴቶች ክፍል ተቀምጣ ታያለች።

የምኩራብ ኮሚቴዎች የ118ን ቁጥር በሴቶች ክፍል በርና በሚቅቬ ግድግዳ ላይ በአማርኛ እንዲለጥፉ እጠይቃለሁ። ወረቀቱ በወንዶች በኩል አይሁን፤ ስታነብ ማንም የማያያት ቦታ ይሁን። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ በቃል አስጠኗቸው። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፦ አንድ፣ አንድ፣ ስምንት።